«ቡና» ብዬ ስፈልግ ባንኩም አብሮ መጣ

ባለፈው እትም ሒሳብን በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለመያዝ ትንሽ አውርተን ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ቦታ ይዟል። አብዛኛው ደግሞ አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ቅሬታው አንድ ነው፦ የፈለግሁት አይወጣም፣ የወጣውም የፈለግሁት አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለማጣራት ሰጥቼዋለሁ።

ላልነበራችሁ በአጭሩ። ሒሳቡ የሚጻፈው በማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ በሚከፈት ፋይል ላይ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ያነባል፣ ይደምራል፣ ያጣራል፣ ሪፖርት ያወጣል። የጻፋችሁትን ግን አይነካም። የመጀመሪያው ሌጀር ነው፤ ጆን ዊግሊ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው። ከዚያ ሳይመን ማይክል በ2007 ኤችሌጀርን ይዞ መጣ፣ ማርቲን ብሌ ደግሞ ቢንካውንትን። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። መሠረቱ ግን የቆየ ነው፤ ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ያስረዳው ደብል ኢንትሪ። ገንዘብ ከአንድ ቦታ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ይገባል፣ የሁለቱ ድምር ዜሮ ነው። እንዲህ፦

2025-02-12 ማኪያቶ
    ወጪ:ምግብ:ቡና      90.00 ብር
    ሀብት:ባንክ

ከቀኑ ቀጥሎ ያለው «ማኪያቶ» መግለጫው ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ አካውንቶቹ ናቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ብሩን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል። በአካውንቱ ስምና በብሩ መካከል ቢያንስ ሁለት ክፍተት ተዉ፤ በአንድ ክፍተት ብቻ ከለያችኋቸው ብሩን የስሙ አካል ያደርገዋል። የአካውንት ስሞችን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ታዲያ የትኛው ሀብት፣ የትኛው ዕዳ፣ የትኛው ወጪ እንደሆነ አካውንቱን በምታሳውቁበት መስመር ላይ መንገር አለባችሁ፤ በራሱ የሚገምተው የእንግሊዝኛዎቹን ስሞች ብቻ ነው። የምመልሰው በኤችሌጀር ነው፤ ከጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙት እሱን ስለሆነ። ትዕዛዞቹን እዚህ ገጽ ላይ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ኮምፒዩተራችሁ ላይ በላቲን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ቡና ላይ ገንዘብ ትጨርሻለሽ እያለ ሲነዘንዘኝ ልኩን ላሳየው ብዬ የሦስት ወሩን ጠየቅሁ። የባላንስ ትዕዛዝ ሰጥቼ «መግለጫው ላይ ቡና ያለበትን አምጣ» ስለው ድምሩ ዜሮ ነው አለኝ። ዜሮ! ላሳየው ብዬ ተነስቼ ነበር፤ እኔም አላመንኩትምና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩን ሳወጣ ደግሞ ባንክ ያስገባሁት ሁሉ ተዘረገፈ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ? — ቡና ወዳዷ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ እህቴ። የገጠመሽ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከዜሮው ልጀምር። በመግለጫ ብቻ ስታጣሪ ሙሉውን ግብይት ነው የምታነሽው፤ የወጪውን መስመርም፣ የባንኩንም። 90 ሲደመር፣ 90 ሲቀነስ፣ ዜሮ። ፕሮግራሙ የጠየቅሽውን ነው የመለሰልሽ። ከመግለጫው ጋር «ወጪ» የሚለውን አካውንት ጨምረሽ ጠይቂው፤ ያኔ የወጪውን ጎን ብቻ ይደምርልሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። የተለያየ ዓይነት ማጣሪያ ከሰጠሽው፣ ለምሳሌ መግለጫና አካውንት፣ ሁለቱንም የሚያሟላውን ብቻ ያመጣል። አንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ ከሰጠሽው ግን፣ ለምሳሌ ሁለት መግለጫ፣ አንዱን ያሟላ ሁሉ ይመጣል። ብዙ ሰው «ቡና» ከዚያ «አራት ኪሎ» ብሎ ያጠበበ ይመስለዋል፤ አስፍቶታል።

አሁን ወደ ባንኩ። ማጣሪያው ቃል አይደለም የሚፈልገው፤ የፊደል ቅደም ተከተል ነው። ቡ እና ና ጎን ለጎን ካገኘ በቃው። ስለዚህ መግለጫው ላይ «ቡና» ብለሽ የጻፍሽው ስኒ ይመጣል። ቡና ባንክ ይመጣል። የኢትዮጵያ ቡናን ጨዋታ ለማየት ስታዲየም የገባሽበት ትኬት፣ ካለ፣ ይመጣል። አንቺ ደግሞ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነሽና ቡናማ ፖስታ በካርቶን ገዝተሽ ከሆነ እሱም ቡና ሆኖ ይቆጠራል። (ይኼን ስጽፍ ብቻዬን ስቄአለሁ።)

ከፈለግሽ ፊደሉን ማሰር ትችያለሽ። ከፊቱ «^» ካደረግሽበት መግለጫው በዚያ የሚጀምረውን ብቻ፣ ከኋላው «$» ካደረግሽበት በዚያ የሚያልቀውን ብቻ ያመጣል። «ኖት» ብለሽ ባንኩን ማስወጣትም ይቻላል። እኔ ግን በዚህ መንገድ ብዙ እንድትሄጂ አልመክርሽም። ዛሬ ቡና ባንክን ታስወጪያለሽ፣ ነገ ሌላ ቡና ይመጣል። መግለጫ ማለት ሰው እንደመጣለት የሚጽፈው ነው። አካውንት ግን አንቺ አስበሽ ያወጣሽው መደብ ነው። ማኪያቶው ሁሉ ሲመዘገብ ወጪ:ምግብ:ቡና ላይ ከገባ ከዚያ በኋላ የምትጠይቂው እሱኑ አካውንት ነው፤ መግለጫው ላይ «ቁርስ ከጓደኛዬ ጋር» ተብሎ ቢጻፍም ይገኛል። ማጣራት ሲያስቸግር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አመዘጋገቡ ላይ ነው።

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ፤ ሳልረሳው ልንገርሽ። «ፕሪንት» ብለሽ ስታጣሪ አንድ መስመሩ ብቻ ቢገጥም እንኳ ግብይቱን ከነሙሉው ያሳይሻል። «ሬጅስተር» ስትይ የገጠመውን መስመር ብቻ ነው። ሁለቱን አስተያይተሽ «የተለያየ መልስ ሰጠኝ» እንዳትዪ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ክርና ዚፕ የማመጣው ከአንዲት ሴትዮ ነው። ደረሰኟ ላይ «ፀሐይ» ይላል፣ እኔ ስመዘግብ «ጸሃይ» እላለሁ፣ ረዳቴ «ፀሀይ» ይላል፣ የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ደግሞ ስሟ በላቲን ፊደል ነው፤ እሱም አንድ ቀን በአንድ ስፔሊንግ፣ ሌላ ቀን በሌላ። የዓመቱን ክፍያ ስጠይቅ አምስት ፀሐይ ወጣችብኝ። — ፀሐይ የበዛበት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አምስት ብቻ መሆኗም ዕድልህ ነው። በጸ ወይም በፀ ልትጀምር ትችላለች። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አለ። ሁለት በስድስት ብትለው 12 ፀሐይ ነው፤ ላቲኑን ሳንቆጥር። ለእኔና ላንተ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። ኮምፒዩተር ግን በድምፅ አያነብም። ኮምፒዩተሮች ፊደላትን በሚለዩበት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ለእሱ ሀ እና ሐ የሚቀራረቡት ለ እና መ የሚቀራረቡትን ያህል ነው።

ለጊዜው ማጣራት ብቻ ከሆነ የፈለግኸው፣ አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ደርድርለት፦

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ይህ 12ቱንም ይይዛል። ለአንድ ጥያቄ ጥሩ ነው። ግን ሪፖርት ባወጣህ ቁጥር ይህን ስትጽፍ ልትኖር አይደለም። መፍትሔው ስሙን መግቢያው በር ላይ አንድ ማድረግ ነው። ስቴትመንትህን በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ስታወርድ አጠገቡ አንድ የደንብ ፋይል ታስቀምጣለህ። ኤችሌጀር ሲኤስቪውን በዚያ ደንብ እያየ ወደ ሒሳብህ ያስገባዋል። ደንቡ ይህን ይመስላል፦

ኢፍ
[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ
 ዲስክሪፕሽን ፀሐይ ክርና ዚፕ | %ዲስክሪፕሽን
 አካውንት2 ወጪ:ዕቃ:ክር

ላቲኖቹን ስፔሊንጎች ከሁለተኛው መስመር ሥር፣ በኢፍና ወደ ውስጥ ገባ ተደርገው በተጻፉት መስመሮች መካከል፣ አንድ በአንድ እየደረደርክ ትጨምራለህ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችውን ቀጥ ያለች ሰረዝ እያት። ከእሷ በስተግራ ያለው ተከፋዩ ነው፤ አንተ የመረጥከው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት የሆነው ስም። በስተቀኝ ያለው ማስታወሻ ነው፤ እዚያ ባንኩ የጻፈውን ከነሙሉ ጉድለቱ እንዳለ እናስቀምጠዋለን። ነገ ከፀሐይ ጋር «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» ብትባባሉ የምታሳያት ዋናው ጽሑፍ አለህ። ስሙን አጽድተው ዋናውን የሚጥሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ጸጸቱ የሚመጣው እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው።

ታዲያ ተጠንቀቅ፣ ፀሐይ ባንክም አለ። ከላይ ያለው ደንብ እሱንም ክር ሻጭ ያደርገዋል። ደንቦቹ ከአንድ በላይ ሲገጥሙ ሁሉም ይሠራሉ፣ በአንድ ነገር ላይ ከተጋጩ ግን የሚያሸንፈው መጨረሻ ላይ የተጻፈው ነው። ስለዚህ ሰፊውን ከላይ፣ ጠባቡን ከታች አድርግ። የባንኩን ደንብ ከሴትዮዋ ደንብ በታች ከጻፍከው ሁለቱም በየቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርህ። እኔ መጀመሪያ ላይ ደንብ መጻፍ ሰነፍኩና ያወረድኩትን ሲኤስቪ ራሱን ከፍቼ ፈልጎ ተካ በሚለው ማስተካከል ጀመርኩ። «ቡና» የሚለውን በሙሉ «ቡና ቤት» አድርግልኝ አልኩት። አደረገልኝ። ቡና ባንክ «ቡና ቤት ባንክ» ሆነ። ሌላም ሌላም ሆነ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ያየሁት፣ ዋናው ፋይል ደግሞ ያው የነካካሁት ራሱ ነበር። ቅጂ አልነበረኝም። እንደገና ለማውረድ ስሞክር ያ ወር አልፎበታል፤ ቅርንጫፍ ድረስ ሄጄ በወረቀት አሳትሜ በእጄ ገለበጥኩት። ከዚያ ወዲህ የወረደ ፋይል አልነካም። ስህተት ካለ ደንቡን አስተካክዬ እንደገና አስገባለሁ።

ደንቡ የሚሠራው ከባንክ ለሚመጣው ነው። አንተና ረዳትህ በእጅ ለምትጽፉት ደግሞ ስሞቹን ፋይሉ አናት ላይ አንድ በአንድ አሳውቁ፤ ተከፋዮቹንም አካውንቶቹንም። ከዚያ «ቼክ» የሚለውን ትዕዛዝ «ፔዪስ» (ተከፋዮች) እና «አካውንትስ» ብለህ ጨምረህ ስትሰጠው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ሲያገኝ መስመሩን ጠቅሶ ይጮኻል። ረዳትህ «ጸሃይ» ባለ ቁጥር በዚያው ቀን ትይዘዋለህ። አካውንቶች ላይም ይኸው በሽታ አለ፤ «ወጪ:ዕቃ» እና «ወጪ:እቃ» ሁለት አካውንት ናቸው። እሱን «አሊያስ» በሚል መስመር እቃን ዕቃ ነህ ብለህ ታስነብበዋለህ፣ የተጻፈው እንዳለ ሆኖ ሪፖርቱ ላይ አንድ ይሆናሉ። ሴትዮዋ ሱቋን ከፒያሳ ወደ ሌላ ሰፈር ካዛወረች ደግሞ ስሟን አትቀይር፤ ሰፈሩ ማስታወሻው ጋ ይግባ።

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይ 25,000 ብር ብዬ መዘገብኩ። ሪፖርቱ ላይ 25 ብር ብሎ ደመረው። አከራዬ ቢሰማ ይወደው ነበር? — ከካዛንቺስ

መልስ፦ አንተ ብትወደው እንጂ እሱስ አይወደውም። ነገሩ ኮማዋ ናት። በቁጥሩ ውስጥ አንድ ምልክት ብቻ ካለ ኤችሌጀር ያችን ምልክት የሳንቲም መለያ ናት ብሎ ነው የሚያነባት፤ ኮማን እንደ ነጥብ የሚጠቀሙ ብዙ አገሮች አሉ። 25,000.00 ብለህ ብትጽፍ ሁለቱም ምልክት ስላለ ይገባዋል። ፋይልህ አናት ላይ የሳንቲም መለያዬ ነጥብ ናት ብለህ አንዴ ንገረው፤ ትዕዛዙ «ዴሲማል ማርክ» ነው። የባንኩ ደንብ ፋይል ላይም እንዲሁ። ከዚህ በፊት የጻፍካቸውን ደግሞ ዞር ብለህ እያቸው፤ 1,500 ብለህ የጻፍከው ሁሉ አንድ ብር ከሃምሳ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። ዕቃ የምገዛው አብዛኛውን በእጅ ደረሰኝ ነው። የዚህን ዓመት ወጪ ሳጣራ ግማሹ የለም። ፋይሉ ውስጥ ግን በዓይኔ አያለሁ! — ግማሹ የጠፋበት

መልስ፦ የትም አልሄደም። 2017 ውስጥ ተቀምጧል፤ በፈረንጆቹ 2017።

የእጅ ደረሰኝ ቀኑ በእኛ ነው። የባንክ መልእክት በፈረንጅ ነው። አንተ ሁለቱንም እንዳሉ ገልብጠሃል። ደረሰኙ ላይ 05/06/2017 የሚለው የካቲት 5 ቀን ነው፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025። አንተ 2017-06-05 ብለህ ጻፍከው፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ጁን 5 ቀን 2017 ብሎ አስገብቶታል። ሰባት ዓመት ከምናምን ወደኋላ። በቀን ስታጣራ የማይመጣው ለዚህ ነው። ክፋቱ ስህተት ነው ብሎ አለመጮኹ ነው፤ ጁን 5 የሚባል ቀን አለና ለምን ይጮኻል? የሚጮኸው ጳጉሜን ስትሰጠው ነው፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ወይም ጥቅምት 30ን፤ ሁለተኛ ወራቸው 30 የለውም። እነዚህ ላይ ስህተት አሳይቶህ አስተካክለህ አልፈህ ከሆነ፣ ያኔ የቀሩትንም መጠርጠር ነበረብህ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? በፈረንጅ ከ2018 በፊት ያለውን ሁሉ አውጣ ብለህ አጣራ። በዚያን ጊዜ ሒሳብ መያዝ ካልጀመርክ የሚወጣው በሙሉ የሐበሻ ቀን ነው። ቀይራቸው። የደረሰኙን ቀን ግን አትጣለው፤ ከግብይቱ ጎን በ«;» ምልክት ከሚጀምረው ማስታወሻ ውስጥ «ደረሰኝ:የካቲት 5 2017» ብለህ በመለያ አስቀምጠው። በመለያም ማጣራት ይቻላል፤ የካቲት ያለበትን አምጣ ስትለው ያመጣዋል።

የበጀት ዓመቱን ስትጠይቅ ደግሞ ይህችን ያዝ። ሐምሌ 1 ሁሌም ጁላይ 8 ነው። የ2017 በጀት ዓመትን ከፈለግህ ከ2024-07-08 እስከ 2025-07-08 በል። መጨረሻው ላይ 7 ሳይሆን 8 ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቀን አይጨምርም። 7 ካልክ ሰኔ 30 ይቀራል፤ ሰኔ 30 ደግሞ ነጋዴ ሁሉ ደረሰኝ የሚያሳድድበት ቀን ነው።

ጥያቄ፦ በግሌ የግራፊክስ ሥራ እሠራለሁ፣ ቢሮዬ ለገሃር ነው። ከባንክ ወደ ቴሌብር ገንዘብ አዛውራለሁ። የሁለቱንም ዝርዝር ሳስገባ ገቢዬም ወጪዬም አበጠ። ደንብ ጻፍኩ፤ የባንኩን «ይሄ ወደ ቴሌብር ነው»፣ የቴሌብሩን «ይሄ ከባንክ ነው» ብዬ። ገቢና ወጪው ተስተካከለ፣ አሁን ግን ባንክ ውስጥ ካለኝ በታች ያሳየኛል፣ ቴሌብሩ ላይ ደግሞ የሌለኝን ብር። — ከለገሃር

መልስ፦ የጻፍሽው ደንብ ልክ ነው፤ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው ችግሩ። አንዱን ዝውውር ባንኩም ነገረሽ፣ ቴሌብሩም ነገረሽ፣ አንቺ ሁለቱንም አምነሽ ሁለቴ መዘገብሽ። መጀመሪያ ላይ ያበጠውም ለዚሁ ነው፤ ደንብ ያልተጻፈለትን መስመር ፕሮግራሙ የወጣ ከሆነ ያልታወቀ ወጪ፣ የገባ ከሆነ ያልታወቀ ገቢ ይለዋል። ከኪስ ወደ ኪስ የሄደ ብር ገቢ መሰለ።

አንዱን ጎን ዝለለው ማለት ይቻላል። የእኔ ምርጫ ግን መሃል ላይ አንድ መሸጋገሪያ አካውንት ማቆም ነው፦

2025-03-03 ወደ ቴሌብር
    ሀብት:መሸጋገሪያ      10,000.00 ብር
    ሀብት:ባንክ         -10,000.00 ብር

2025-03-04 ከባንክ
    ሀብት:ቴሌብር        10,000.00 ብር
    ሀብት:መሸጋገሪያ     -10,000.00 ብር

የባንኩ ዝርዝር ወደ መሸጋገሪያው ይከታል፣ የቴሌብሩ ከመሸጋገሪያው ያወጣል። ሁለቱ ደንቦች ስለማይተዋወቁ አይጋጩም። ቀናቸው ቢለያይም ግድ የለም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ58 የላክሽው ሲደርስ የማሽኑ ቀን ተቀይሮ ይሆናል፤ ለእኛ ሳይነጋ ቀን አይለወጥም፣ ለእሱ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ተለወጠ።

መሸጋገሪያው ቀሪው ሁሌም ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አንድ ነገር አለ። 10,000 ከቀረ አንደኛውን ዝርዝር ገና አላስገባሽም። 5.75 ከቀረ ደግሞ ያ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ እንበል 5 ብር ክፍያና 15 በመቶ ቫቱ 0.75፣ ባንኩ 10,005.75 ቆርጦ ሳለ ቴሌብር የደረሰው 10,000 ነው። ክፍያውን ወደ ወጪ:የባንክ አገልግሎት አውጪው። ሳንቲም ናት ብለሽ አትናቂያት። በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታዛውሪ ራስሽ ታውቂያለሽ፤ እኔ የራሴን ደምሬ ካየሁ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መላኩን ትቼ በሳምንት አንዴ መላክ ጀምሬአለሁ።

ወሩ ሲያልቅ ባንክሽ የነገረሽን ቀሪ ከአንድ መስመር ኋላ የእኩል ምልክት አድርገሽ ጻፊው። ፕሮግራሙ በዚያ ቀን የደመረው ከዚያ ጋር ካልገጠመ አልቀጥልም ይላል። ሁለቴ ያስገባሽው ነገር ካለ እዚያች ጋ ይያዛል። «ኢምፖርት» የሚለው ትዕዛዝ የመጨረሻውን ቀን እያስታወሰ አዲሱን ብቻ ለማስገባት ይሞክራል። የሚሠራው ግን በቀን ስለሆነ፣ ዘግይቶ በድሮ ቀን የሚመጣ ግብይት ያመልጠዋል። እሱንም ያው የእኩል ምልክቷ ታጋልጠዋለች።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ተክለ ሃይማኖት የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ይህን ነገር የልጅ ልጄ ነው ያስተማረኝ። እቁብ አለኝ፣ በሳምንት 2,000 ብር፣ አሥር ሰው ነን። ወጪ ብዬ መዘገብኩት። ወጪዬን ሳጣራ እቁቡ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሲደርሰኝ ደግሞ ገቢ አልኩት፣ በዚያ ወር ሀብታም ሆንኩ። የሆነ ነገር ልክ አይመስለኝም። — ከተክለ ሃይማኖት

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ነው። ልክ ነዎት። እቁብ ወጪ አይደለም፣ ገቢም አይደለም። እስኪደርስዎ ድረስ ለጓደኞችዎ ያበደሩት ነው። ከደረሰዎ በኋላ የእነሱ ዕዳ አለብዎት።

ሀብት:እቁብ የሚል አንድ አካውንት ይክፈቱ። በየሳምንቱ 2,000 ከባንክ ወይም ከኪስ ወደዚያ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ደረሰዎ እንበል። እስከዚያ 6,000 ከፍለዋል፣ 20,000 ወሰዱ፣ አካውንቱ 14,000 ከዜሮ በታች ይሆናል። የቀሩት ሰባት ሳምንታት በ2,000 ሲባዙ 14,000 ናቸው፤ እቁቡ ሲያልቅ አካውንቱ ዜሮ ላይ ያርፋል። በየትኛውም ቀን ቢያዩት ማን ለማን ባለዕዳ እንደሆነ ከምልክቱ ያውቁታል። ወጪ ብለው ሲያጣሩ ከእንግዲህ አይመጣብዎትም። የመጀመሪያዎቹን መዝገቦች ለመቀየር ደግሞ መግለጫው ላይ «እቁብ» ያለበትን ያጣሩና ከወጪና ከገቢ ያውጧቸው። «ዕቁብ» ብለው የጻፉትም ካለ ከላይ ለስፌት ቤቱ ወንድማችን ያልኩትን የማዕዘን ቅንፍ የልጅ ልጅዎ ያሳይዎ፤ [እዕ]ቁብ ነው።

እድር ግን ወጪ ነው። ዕጣ የለውም፣ በየወሩ የሚከፍሉት ተከፍሎ ያልቃል። ለእቁብተኛ ያበሉት ያጠጡትም ወጪ ነው፤ እሱን ከእቁቡ አካውንት ጋር አይቀላቅሉት፣ አለዚያ መጨረሻ ላይ ዜሮው አልመጣ ይላል።

ጥያቄ፦ ከ5,000 ብር በላይ የሆኑትን አምጣ ስለው ስህተት ነው አለኝ፣ ፎልደሬ ውስጥ ደግሞ «5000» የሚባል ባዶ ፋይል ተፈጠረ። ማን ፈጠረው? — ከስታዲየም

መልስ፦ አንተው። የትእዛዝ መስኮቱ ላይ «>» የሚለው ምልክት «ውጤቱን ወደዚህ ፋይል ጻፍ» ማለት ነው። ስለዚህ ኤችሌጀር ሳያየው መስኮቱ ቀድሞ ወስዶታል። ማጣሪያውን በሙሉ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው። ሲሠራልህ ደግሞ የገባውም የወጣውም አብሮ ይመጣል፤ ቁጥሩ ላይ ምልክት ከሌለ ፕሮግራሙ መጠኑን ብቻ ነው የሚያየው። ከባንክ የወጡትን ብቻ ከፈለግህ የባንኩን አካውንት ጠቅሰህ ከ-5000 ያነሱ በለው። ባዶውን ፋይል ሰርዘው፣ ምንም አይጎድልብህም።